የአጃ እሸት ሻይ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አጃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው አጥሚት ነው፤ ለአራስ፣ ለታመመ፣ አቅም ላነሰው። አጥሚቱ ከፍሬው ይሠራል፣ ምግብ ነው። በአውሮፓ የባህል ሕክምና ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት የሚጠጣው ግን ሳይደርስ የታጨደው አረንጓዴ ተክል ነው፦ አገዳው፣ ቅጠሉና ወተት የያዘው ዛላ። ስለዚህ የታሸገ ኦትስ አፍልቶ ጠጥቶ «ምንም አላረጋጋኝም» የሚል ሰው የጠጣው ቁርሱን ነው።

የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ይህን አረንጓዴ አጃ ቀላል የአእምሮ ውጥረትን ለማስታገስና እንቅልፍን ለማገዝ በሚል በባህላዊ መድኃኒትነት ተቀብሎታል። የተቀበለው ለረጅም ዘመን በመጠጣቱ ነው እንጂ በሰው ላይ ተሞክሮ ስለተረጋገጠ አይደለም። ከእሱ የሚጠበቀውም በዚያው ልክ ነው፦ እንደ እንቅልፍ ኪኒን አይጥልም፤ ከረዳም ቀስ ብሎ፣ አዘውትሮ የሚጠጣውን ነው። ማታ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ በላዩ ላይ አንድ ኩባያ አጃ መጨመር ደግሞ ከቡናው ጋር ትግል መግጠም ነው፤ ቡናው ያሸንፋል።

ዋናው ቁም ነገር የሚታጨድበት ቀን ነው። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ የተዘራ አጃ እንደየቦታው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ወተት ይይዛል። ከዛላው አንዷን ፍሬ በሁለት ጥፍር መሀል ጨመቅ ያድርጓት። ነጭ ወተት ጠብ ካለ ጊዜው ነው። ውሃ የመሰለ ነገር ከወጣ ገና ነው፤ እንደ ሊጥ ከወፈረ አልፏል። ይህ ጊዜ ከአንድ ሳምንት ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ መጭመቅ ነው። ካለፈ በኋላ የሚታጨደው ቢጫ አገዳ ጭድ ነው፤ ከብት ይወደዋል፣ ለሻይ ግን አይሆንም።

መርካቶ እህል በረንዳ የሚገኘው የደረቀ ፍሬ ነው። እሸቱን የሚፈልግ ሰው በሱሉልታና በሆለታ በኩል ለወተት ላሞች መኖ አጃ የሚዘሩትን ቢጠይቅ ይሻላል። መኖው ብዙ ጊዜ ቬች ከሚባለው ሐረግ ጋር ተደባልቆ ስለሚዘራ ሐረጉን አንድ በአንድ ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል። ማሳው ቱ ፎር ዲ ወይም ሌላ የአረም መድኃኒት ተረጭቶ እንደሆነም ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ቅጠሉን በጣት ሲጠርጉት ብርቱካናማ ዱቄት ከቀረ ዋግ መትቶታል፤ ይተውት።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይም ይበቅላል፣ ነገር ግን ዘሩ ከነገለባው መሆን አለበት፤ የተፈተገው ወይም የተዳመጠው አይበቅልም። ከአንድ የተቆረጠ ጀሪካን የሚገኘው ጥቂት ኩባያ ሻይ ነውና ብዙ ተስፋ አይጣልበት።

ከገብስ ማሳ የሚለቀም ከሆነ ደግሞ ሁለት የሚያሳስቱ ተክሎች አሉ። ስናር የአጃ ዘመድ ነው፤ አይጎዳም፣ ግን ለዚህ ሥራ የታወቀው እሱ አይደለም። የሚያስፈራው እንክርዳድ ነው፤ ፍሬው ያዞራል፣ ያስመልሳል። የአጃ ዛላ ቅርንጫፍ አውጥቶ ፍሬዎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ፤ የእንክርዳድ ፍሬዎች ግን ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ አገዳው ላይ ተለጥፈው ይቆማሉ። ካልለየ አለመንካት ነው።

ጤዛው ከረገፈ በኋላ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ማጨድ፣ በመቀስ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር አድርጎ መቆራረጥ፣ ሰፌድ ላይ ስስ አድርጎ ጥላ ውስጥ ማስጣት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ አረንጓዴነቱ ይጠፋል፤ ተከምሮ ከደረቀ መሀሉ ይሻግታል፣ ሽታውም ያጋልጠዋል። አገዳው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። በወረቀት ከረጢት ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

መጠኑ 3 ግራም ለ250 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ነው፤ ሚዛን የሌለው ሰው በሁለት የሾርባ ማንኪያ ይገምተው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከድኖ 15 ደቂቃ ማቆየት ይሻላል። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ሣር ሣር አለኝ የሚል ጠጅ ሣር ይጨምርበት። ጠዋት ተዘፍዝፎ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ግን ይኮመጥጣል፤ ለነገ ከተፈለገ ተጠልሎ ፍሪጅ ይግባ።

እሸቱን በአልኮል ዘፍዝፈው በጠብታ የሚወስዱም አሉ። ለዚያ የሚሆነው ትኩሱ፣ ወተቱ ያልደረቀው ዛላ ብቻ ነው። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከጠማቂ ጠማቂ ስለሚለያይ አይመከርም።

ስንዴና ገብስ በሕመም ምክንያት የተከለከለ ሰው፣ በተለይ የሴሊያክ ሕመምተኛ፣ አጃውንም ይተወው፤ እዚህ አገር ከገብስ ያልተቀላቀለ አጃ ማግኘት ይከብዳል። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ በቂ መረጃ ስለሌለ አይመከርም። የጭንቀት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የጀመረ ሰው አጃ አገኘሁ ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ምግብ ካስጠላ ወይም መኖር ካስጠላ ጉዳዩ የሻይ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል ከእህል በረንዳ ሩቅ አይደለም፤ «አማኑኤል ገባ» የሚለውን የሰፈር ወሬ ፈርቶ ቤት መቀመጥ ግን ብዙ ሰው ጎድቷል።