«አብሮ ተዋጊ» ምንድን ነው? ከአጋር በምን ይለያል?

ሁለት አገሮች አንድን ጠላት በአንድ ጊዜ ይወጋሉ። ወታደሮቻቸው ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፣ አንዱ ከሌላው ጥይትና እህል ይቀበላል። አጋሮች ናችሁ ሲባሉ ግን አንደኛው «አይደለንም» ይላል። በመካከላቸው የተፈረመ የጦር ቃል ኪዳን የለማ! እንዲህ ያለውን አገር የሕግና የዲፕሎማሲ ሰዎች ኮ-ቤሊጀረንት ይሉታል። በአማርኛ የጸና ስም ስላላገኘሁለት እዚህ «አብሮ ተዋጊ» እለዋለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አጋር በውል የታሰረ ነው። አንዱ ሲነካ ሌላው ሊዘምት፣ ብዙ ጊዜም ለብቻው ላይታረቅ ቃል ገብቷል። አብሮ ተዋጊን ግን ከጎኑ ካለው ጋር የሚያገናኘው የጋራ ጠላት ብቻ ነው። ጦርነቱ ሲበቃው ለብቻው ሄዶ ቢታረቅ «ከዳኝ» የሚል አይጠፋም፤ ከሳሹ አውጥቶ የሚያሳየው ፊርማ ግን የለውም።

ሐሳቡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይቀድማል። አሜሪካ በኤፕሪል 1917 በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን አገራቸው የብሪታንያና የፈረንሳይ «አጋር» እንድትባል አልፈለጉም፤ «ተባባሪ ኃይል» የሚለውን ስም መረጡ። ያን የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት በዘጋው በቬርሳይ ውል ላይም «የቃል ኪዳንና ተባባሪ ኃይሎች» የሚል ድርብ ስም የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ቃሉ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው ግን ከ1941 በኋላ፣ በትንንሾቹ አገሮች እጅ ነው።

ፊንላንድን እንውሰድ። ሶቪየት ኅብረት በኖቬምበር 30 ቀን 1939 ወረረቻት። በማርች 1940 ጦርነቱ ሲቆም ከመሬቷ አንድ አስረኛ ያህሉን አጥታ፣ ከ400,000 በላይ ሰዎች ከቀያቸው ተነቅለው ነበር። ስለዚህ ጀርመን በጁን 22 ቀን 1941 ሶቪየትን ስትወጋ ሄልሲንኪ የተነጠቀውን ለማስመለስ ጊዜው ደረሰ አለች። የጀርመን ወታደሮች ቀድመው በሰሜን ፊንላንድ ሰፍረዋል። ሂትለርም በዚያው ዕለት በሬዲዮ በተነበበው አዋጁ የፊንላንድ ወታደሮች ከእኛ ጋር ናቸው አለ። ፊንላንድ ግን ሦስት ቀን ጠበቀች። የሶቪየት አውሮፕላኖች በ25ኛው ቀን ከተሞቿን ሲደበድቡ «እንግዲህ ተወረርን» ብላ ገባች።

ፊንላንዳውያን ለዚህ አቋማቸው የራሳቸው ቃል አላቸው፤ «ኤሪሊስሶታ» ይሉታል፣ የተለየ ጦርነት ማለት ነው። ጀርመን የራሷን ትዋጋለች፣ እኛም የራሳችንን፤ ጠላታችን ብቻ አንድ ነው። ጀርመን፣ ኢጣልያና ጃፓን በሴፕቴምበር 1940 በርሊን ላይ የተፈራረሙትን የሦስትዮሽ ውል ፊንላንድ አልፈረመችም። ብሪታንያ ይህ ክርክር አላሳመናትምና በዲሴምበር 6 ቀን 1941፣ በፊንላንድ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ጦርነት አወጀችባት። አሜሪካ ግን እስከ መጨረሻው አላወጀችም። ቃሉ ግማሽ መንገድ ሄዶላታል ማለት ነው።

በጁን 4 ቀን 1942 የሆነው ነገር ሁኔታውን በደንብ ያሳያል። የጦር አዛዡ ማርሻል ማነርሃይም 75 ዓመት ሲሞላቸው ሂትለር «እንኳን አደረሰዎ» ሊል ድንገት መጣ። የተቀበሉት በዋና ከተማዋ አይደለም፤ ኢማትራ አጠገብ በቆመ ባቡር ውስጥ ነው። እዚያ አንድ የፊንላንድ ሬዲዮ ቴክኒሻን ማይክሮፎኑን ሳያነሳ ቀርቶ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል የግል ጭውውት ተቀዳ። ሂትለር ሲጮህ እንጂ ሲያወራ የተሰማበት ቅጂ ብርቅ ነው። በዚህኛው ላይ በረጋ ድምፅ፣ ሶቪየቶች 35,000 ታንክ ማሰለፍ እንደሚችሉ ቀድሞ የነገረው ጄኔራል ቢኖር ኖሮ «አብደሃል» ይለው እንደነበር ይናገራል። ጠባቂዎቹ ነቅተው እስኪያስቆሙት ድረስ ቴፑ ዞረ። አጋር ላልሆነ ሰው የሚወራ ወሬ ይመስላል? እኔ አይመስለኝም።

በ1944 የበጋ ወራት የሶቪየት ሠራዊት፣ ቀይ ጦር፣ ሲገፋ ፊንላንድ የጀርመን መሣሪያ አስፈለጋት። የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሪበንትሮፕ በምላሹ ለብቻችሁ አትታረቁም የሚል ውል ጠየቀ። ፕሬዚዳንት ሪስቶ ሪቲ ወደ ፓርላማ አልሄዱም፤ በጁን 26 በራሳቸው ስም ደብዳቤ ጻፉ። እሳቸው ሥልጣን ላይ እስካሉ ድረስ ፊንላንድ ለብቻዋ እንደማትታረቅ ቃል ገቡ። መሣሪያው መጣ፣ ግንባሩ ያዘ። ሪቲ በኦገስት 1 ሥልጣን ለቀቁ፤ ማነርሃይም ተተኩና «የሪቲ ቃል እኔን አያስረኝም» አሉ። እንዲህ ያለ ሰምና ወርቅ በዲፕሎማሲ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ሪቲ ከጦርነቱ በኋላ በጦርነት ተጠያቂነት ተከሰው አሥር ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1949 በምሕረት ወጡ።

ከሞስኮ ጋር በሴፕቴምበር 19 የተፈረመው የተኩስ አቁም ደግሞ ሌላ ግዴታ ነበረበት፦ ጀርመኖችን ከአገርሽ አስወጪ። 200,000 ያህል ናቸው፣ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ። ሁለቱ ጦሮች መጀመሪያ በምስጢር ተስማሙ፤ ጀርመኖች ድልድይ እያፈረሱ ያፈገፍጋሉ፣ ፊንላንዳውያን ራቅ ብለው ይከተላሉ፣ ጥይት አይተኮስም። ሶቪየቶች «ይህ ምን ዓይነት ጦርነት ነው?» ብለው ሲያፋጥጧቸው እውነተኛው ውጊያ ቶርኒዮ ላይ በኦክቶበር 1 ተከፈተ። ጀርመኖችም ሲወጡ የላፕላንድን ዋና ከተማ ሮቫኒዬሚን አጋይተው ሄዱ።

ቡልጋሪያ ላይ ነገሩ ወደ ቀልድ ይጠጋል። የሦስትዮሹን ውል በማርች 1941 ፈርማለች፣ በብሪታንያና በአሜሪካም ላይ ጦርነት አውጃለች፤ በሶቪየት ላይ ግን ፈጽሞ አላወጀችም። በሴፕቴምበር 5 ቀን 1944 ሶቪየት ራሷ አወጀችባት፤ በ8ኛው ቀን ደግሞ ቡልጋሪያ በጀርመን ላይ። ለአጭር ጊዜ በወረቀት ላይ ከአራቱም ጋር ጦርነት ውስጥ ነበረች። ከዚያ በኋላ ወታደሮቿ ከቀይ ጦር ጋር ሆነው እስከ ኦስትሪያ ተዋጉ። ሩማንያም ንጉሥ ሚካኤል በኦገስት 23 ቀን 1944 ጠቅላይ ሚኒስትሩን አንቶኔስኩን ካሰሩ በኋላ ጦሯን በጀርመን ላይ አዞረች። ሁለቱም ደም አፍስሰናልና አብሮ ተዋጊ በሉን ብለው ጠየቁ፤ ስሙን አላገኙም።

ያገኘችው ኢጣልያ ናት። ሙሶሊኒ በጁላይ 25 ቀን 1943 ወረደ። ተተኪው ባዶሊዮ «ጦርነቱ ይቀጥላል» እያለ በምስጢር ይደራደር ጀመር። የተኩስ አቁሙ በሴፕቴምበር 3 ተፈረመ፣ በ8ኛው ቀን ይፋ ሆነ። በማግስቱ ንጉሡና ባዶሊዮ ሮምን ጥለው ወደ ብሪንዲዚ ሲሸሹ ለሠራዊቱ የጠራ ትእዛዝ የሰጠ አልነበረም። ጀርመኖች ትናንት አብረዋቸው የነበሩትን ከ600,000 በላይ ወታደሮች ማርከው ወሰዱ። ምርኮኛ ብለው ግን አልመዘገቧቸውም፤ «ወታደራዊ ታሳሪ» አሏቸው። ምርኮኛ የጄኔቫ ስምምነት ጥበቃ አለው፣ ታሳሪው ግን ያለ ከልካይ ለጉልበት ሥራ ይነዳል። አንድ ቃል መቀየር ይህን ያህል ዋጋ አለው። ባዶሊዮ በኦክቶበር 13 በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀ፤ ሩዝቬልት፣ ቸርችልና ስታሊንም ኢጣልያን አብሮ ተዋጊ ብለው ተቀበሉ። አጋር አላሏትም። አጋር ቢሏት በሰላሙ ጠረጴዛ ላይ ድርሻ አለኝ ትላለች፤ ጠላት ብቻ ቢሏት ደግሞ ወታደሮቿ ለምን ይሞቱላቸዋል?

ሂሳቡ የተዘጋው ፓሪስ ላይ፣ በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 ነው። በዚያ ዕለት ከተፈረሙት የሰላም ውሎች የፊንላንድን መግቢያ ያነበበ ይገረማል። የሦስትዮሹን ውል ያልፈረመችው፣ «የተለየ ጦርነት ነው» ስትል የኖረችው አገር «የሂትለራዊት ጀርመን አጋር» ተብላ ተጽፋለች። ውሉን ከመሥራቾቹ አንዷ ሆና የፈረመችው ኢጣልያ ግን በራሷ ውል መግቢያ ላይ ከኦክቶበር 13 ቀን 1943 ጀምሮ አብሮ ተዋጊ ሆናለች። ሁለቱም ያሉት ሳይሆን አሸናፊዎቹ የጻፉት ጸና።

ስሙ ከመግቢያው አልፎ ወደ አንቀጾቹ ሲገባ ግን ኢጣልያን ብዙ አላዳናትም። ቅኝ ግዛቶቿን ለቀቀች፣ 360 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣም ተቆረጠባት፦ 125 ለዩጎዝላቪያ፣ 105 ለግሪክ፣ 100 ለሶቪየት፣ 25 ለኢትዮጵያ፣ 5 ለአልባኒያ። አንቀጽ 38 ደግሞ በኢጣልያና በኢትዮጵያ መካከል ውሉ የሚጸናበት ቀን ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ነው ይላል፤ የኢጣልያ ጦር መረብን የተሻገረበት ዕለት ነው።