ኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ስለ ደም ማነሱ የሚነገረውና እውነታው

«በደንብ ብትበላ ደምህ አያንስም ነበር።»

ጠያቂ ሁሉ ይህን ይላል። ጤነኛ ኩላሊት ግን ደም ከማጣራት ሌላ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሴል የሚሠራው በዚህ ሆርሞን ትእዛዝ ነው። ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙ ይቀራል፣ የእጥበት ማሽኑም አይተካውም። ለደም ይበጃሉ የሚባሉ አንዳንድ ምግቦች ደግሞ ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው ምክሩ ራሱ ሊጎዳ ይችላል።

«የብረት ክኒን መች ጠፋ?»

በየእጥበቱ ማጣሪያውና ቱቦው ውስጥ ጥቂት ደም ይቀራል፤ ለምርመራም ይቀዳል። ሲጠራቀም ቀይ የደም ሴል ለመሥራት የሚያስፈልገውን ብረት በዓመት ከ1 እስከ 3 ግራም ሊያሳጣ ይችላል። በዚህ ላይ ሥር የሰደደ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርገዋል፤ እሱም አንጀት ብረት እንዳይመጥ፣ የተከማቸውም እንዳይወጣ ያግዳል። ስለዚህ ብዙዎች ብረቱን በእጥበቱ መስመር በኩል፣ በደም ሥር ይወስዳሉ። የተከማቸ ብረትን የሚያመለክተው የፌሪቲን ምርመራ ውጤት ከፍ ስላለ ብቻ «ብረት ሞልቷል» ማለትም አያስኬድም፤ ፌሪቲን በብግነትም ይጨምራል። የትራንስፈሪን ሙሌት፣ ማለትም በደም ውስጥ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል ብረት እንደያዘ፣ አብሮ መታየት አለበት።

«የኤሪትሮፖይቲን መርፌው ከተጀመረ ሄሞግሎቢኔ እንደ ጤነኛ ሰው ይሁን።»

ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ ኦክስጅን ተሸካሚ ነው። ይህ የታካሚ ምኞት ብቻ አልነበረም፤ ሐኪሞችም አስበውት ነበር። የኤሪትሮፖይቲን መርፌ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በ1998 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ የልብ ሕመም ባለባቸው የእጥበት ታካሚዎች ላይ የቀይ ደም ሴል መጠኑን ወደ ጤነኛ ሰው ልክ ለማድረስ ተሞከረ። በዚያ ቡድን ሞትና ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ቁጥሩ ያነሰ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ መብዛት አዘነበለ፣ ጥናቱም ሳይጠናቀቅ ቆመ። በኋላ የወጡ ጥናቶችም የስትሮክና የደም መርጋት ስጋት አሳዩ። ዛሬ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት የሄሞግሎቢን ግብ ከ10 እስከ 11.5 ግራም በዴሲሊትር ነው። 11 ላይ ሆኖ «ለምን አይጨመርልኝም?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ስሜት ይገባኛል፤ መልሱ ግን ይኸው ነው።

«ደም ብወስድ ይቀላል።»

በድንገተኛ መድማት ጊዜ ሕይወት ያድናል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሌላ መዘዝ አለው፦ ሰውነቱ በሌላ ሰው ሴሎች ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል፣ የሚስማማ ኩላሊት ማግኘትም ይከብዳል።

«መርፌው አልሠራልኝም።»

ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ከዚያም ካልመጣ፣ መጠኑን ከመጨመር በፊት ብረቱ፣ የተደበቀ ኢንፌክሽን፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞን (ካልሲየምን የሚቆጣጠረው) እና የእጥበቱ በቂነት ይመረመሩ። የደም ግፊትንም መርፌው ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል።