የመጽሐፍ «ይዞታ» ምንድን ነው?

ቴሌግራም ላይ ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጥበትን ቻናል ብትከፍቱ ከዋጋው አጠገብ አንድ ቃል አታጡም፦ ይዞታ። «ይዞታው አሪፍ ነው»፣ «በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ»፣ «ይዞታው ብዙም አይደለም»። ይዞታ ማለት መጽሐፉ ከሻጩ እጅ በሚወጣበት ሰዓት ያለበት ሁኔታ ነው። ገጹ ሙሉ ነው ወይ? ጥራዙ ይይዛል? ሽፋኑስ? ወረቀቱ ምን መስሏል? ማን ምን ጻፈበት፣ የማን ማኅተም አረፈበት? ውሃ ወይም ብል ነክቶታል? ደራሲው ማን ነው፣ ታሪኩ ያምራል ወይ የሚለው ከይዞታ ጋር አይገናኝም። እጅግ ታላቅ ሥራ በጣም በወደቀ ይዞታ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ከመንገድ ዳር ሲገዛ ቃሉ ብዙም አያስፈልግም። ገዢው ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ መሃሉን ገልጦ ይጫናል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። በስልክ ሲሆን ግን እጅ የለም። አዲስ አበባ ወይም ጅግጅጋ ያለ ሰው ብሩን በቴሌብር ልኮ ከድሬዳዋ በአውቶቡስ የሚመጣለትን መጽሐፍ የሚጠብቀው እኔ ሻጯ በጻፍኩለት ሁለት መስመር ተማምኖ ነው። ስለዚህ ይዞታን መጻፍ ለእኔ የሽያጩ ዋና ሥራ ነው፤ ዋጋ ማውጣት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን የተማርኩት በአንድ ስልክ ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንድ ቤት በጅምላ የገዛሁትን ልብ ወለድ «ይዞታው በጣም ጥሩ» ብዬ በ150 ብር ሸጥኩት። ሽፋኑ ያበራ ነበር፤ ውስጡን አልቆጠርኩም። ገዢው አዲስ አበባ ያሉ መምህር ነበሩ። በአምስተኛው ቀን ደወሉ። «እህቴ፣ መጽሐፉን በጣም ወድጄው ነበር። ግን ከ96 ቀጥሎ 113 ነው የሚለው» አሉኝ። አልተቆጡም። ያመመኝም እሱ ነው፤ ታሪኩ ሊፈታ ሲል እጃቸው ላይ ተቋረጠባቸው። ብራቸውን መለስኩ፣ የመላኪያውንም ጨምሬ።

ከ97 እስከ 112 ያለው 16 ገጽ ነው። ቁጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም። ማተሚያ ቤት መጽሐፍን አንድ አንድ ቅጠል እያደረገ አያትምም። በአንድ ትልቅ ወረቀት በአንዱ ወገን 8፣ በሌላው ወገን 8 ገጽ ያትምና ያጥፈዋል። እያንዳንዱ እጥፋት 16 ገጽ ይሆናል፤ እጥፋቶቹ ተደርድረው ይሰፋሉ ወይም በሙጫ ይያዛሉ፣ ከዚያ ይከረከማሉ። የወረቀቱ መጠን ሲለያይ እጥፋቱ 8 ወይም 32 ገጽ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የተሰፋ መጽሐፍ ክሩ ሲበጠስ አንድ እጥፋት እንዳለ ተላቆ ይወጣል። ገና ሲጠረዝ አንዱ እጥፋት ተዘሎ ሌላው ሁለት ጊዜ የገባበት መጽሐፍም ያጋጥማል፤ እንዲህ ያለውን ማንም ሳያነበው አዲስ መስሎ 30 ዓመት መደርደሪያ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም መጽሐፍ እጄ ሲገባ ገጽ 17ን፣ 33ን፣ 49ን፣ 65ን፣ 81ን፣ 97ን፣ 113ን እያልኩ እስከ መጨረሻው ድንበር ድንበሩን አያለሁ። መቅድሙ ለብቻው የተቆጠረ ከሆነ ድንበሩ ይንሸራተታል። ያኔ የመጽሐፉን ራስ ከላይ ወደ ታች ማየት ነው፤ የተሰፋ ከሆነ እጥፋቶቹ እንደ ትናንሽ ደብተሮች ተለይተው ይታያሉ። ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በሙጫ ብቻ የተያዘው ግን የእጥፋቱ ጀርባ ተቆርጦ ስለሚጣበቅ የሚረግፈው ቅጠል በቅጠል ነው፤ እሱን ከዳር እስከ ዳር ከመቁጠር ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

የጎደለው ገጽ የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቅ፣ እኛ አካባቢ አንዱ መልስ ለውዝ ነው። የባቢሌ ለውዝ በድሬዳዋም በሐረርም መንገድ ላይ የሚሸጠው በወረቀት ተጠቅልሎ ነው፤ ወረቀቱ የደብተር ይሆናል፣ የፈተና ይሆናል፣ አንዳንዴም የመጽሐፍ። ለውዜን ጨርሼ መጠቅለያውን ስዘረጋው የታሪክ መጽሐፍ ገጽ ሆኖ አግኝቼው አውቃለሁ። ቅር ያለኝ በሻጯ አይደለም። መጽሐፉን በኪሎ የሸጠው ቤት የሚፈልገው ሰው መኖሩን አላወቀም።

በእንግሊዝኛው ዓለም ያሉ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ለይዞታ ደረጃ አውጥተዋል። በአሜሪካ የነጋዴዎቹ ሳምንታዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረበው አከፋፈል እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ እንደ አዲስ፣ ድንቅ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደህና፣ ደካማ። እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በዚያ ልማድ «ጥሩ» የሚባለው ጥሩ መጽሐፍ አይደለም፤ ያገለገለ፣ ያረጀ፣ ግን ገጹ ሁሉ ያለ መጽሐፍ ነው። ከውጭ ድረ ገጽ «ጥሩ» የተባለ መጽሐፍ ዘመድ አስገዝቶ ሲመጣለት ጠርዙ የተላጠ ሆኖ ያገኘው ሰው ተታለልኩ ይላል። አልተታለለም፤ ቃሉ እዚያ ዝቅ ያለ ነው። የእኛ «አሪፍ» ደግሞ በተቃራኒው ጣራ የለውም፣ ሁሉንም ይሸፍናል። ስለዚህ እኔ የደረጃ ቃል ብቻውን አልጽፍም፤ ጉድለቱን በስሙ ነው የምጽፈው።

ጉድለት ደግሞ አገር አለው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ 1,900 ሜትር የምትጠጋው ሐረር ነፋሻና ክረምቷም እርጥብ ነው። በሙጫ የተጣበቀ መጽሐፍ ድሬዳዋ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ዓመታት ከከረመ ሙጫው ይደርቃል፤ መሃሉን ሲከፍቱት «ቀጭ» ይልና ለሁለት ይሰነጠቃል። ከእንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት በሙቀትና በብርሃን ቶሎ ይቢጫል፣ ጠርዙም እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ከሐረር የሚመጣልኝ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ቡናማ ነጠብጣብና የእርጥበት ሽታ ነው። ነጠብጣቡ ማንበብ አይከለክልም። ሽታው ግን ሻጋታ ሊሆን ስለሚችል መጽሐፉን ለብቻው ጥላ ውስጥ አናፍሳለሁ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ስህተት ነው፤ ሽፋኑን ያጣምመዋል። ምስጥ ሁለቱም ከተማ አለ፤ በስተመጨረሻው ገጽ በኩል ገብቶ በመሃል ዋሻ ይሠራል፣ ከፊት ምንም አይታይም።

አንድ ጊዜ የታችኛው ጠርዙ በሙሉ የተሞገደ፣ ከግርጌው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቡናማ መስመር የዞረበት መዝገበ ቃላት ገዛሁ። የሸጡልኝ እናት መስመሩን በጣታቸው እያሳዩ «የደቻቱ ውሃ ነው» አሉኝ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሌሊት ሞልቶ ከተማዋን የመታው ማለታቸው ነው። ያ ሌሊት ስንት ሰው እንደወሰደ ድሬ ያውቃል። ማስታወቂያው ላይ «ውሃ የነካው፣ ፊደሉ ሙሉ በሙሉ ይነበባል» ብዬ ጻፍኩ፤ ይዞታ እስከዚያ ድረስ ነው የሚናገረው።

ስለ ጥራዝ ከተነሳ ሐረርን ማለፍ አይቻልም። ጀጎል ውስጥ ቁርአንና ሌሎች መጻሕፍት በእጅ ሲጻፉና በቆዳ ሲጠረዙ ዘመናት አልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ የጠረዛውን ጥንካሬና ውበት አድንቆ ጽፏል። ዛሬ ሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ውስጥ የእነዚያን በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ብዛት ማየት ይቻላል። ይህን የማነሳው ለማስጠንቀቅ ጭምር ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ኦንላይን የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፣ ቅርስ ነው። ከአሮጌ ካርቶን ውስጥ ቢወጣላችሁ ዋጋ አትጠይቁበት፣ ወደ ሙዚየሙ ውሰዱት። የተቀደደ የታተመ መጽሐፍን ደግሞ በፕላስተር አትጠግኑት። የፕላስተሩ ሙጫ በድሬ ሙቀት ይቀልጥና ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል።

አሁን ወደ ማኅተም። ይዞታ ውስጥ ሰው አፍኖ የሚያልፈው ይህንን ነው። ከምንሸጣቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ በእርዳታ የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ወይም የለጋሽ ማኅተም አለባቸው። እንግሊዝ አገር ሰው የተረፈውን መጽሐፍ ለበጎ አድራጎት ሱቅ ይሰጣል፤ ኦክስፋምን የመሰለ ድርጅት ያንን ሸጦ ገንዘቡን ለሥራው ያውላል፣ በኢንተርኔትም ይሸጣል። እዚያ ለጋሹ ሲሰጥ መጽሐፉ እንደሚሸጥ ያውቃል። ከዚያ ሱቅ ገዝቶ አትርፎ መሸጥም ያለ ነው፤ ሱቁ የጠየቀውን አግኝቷል። ወደ እኛ የሚላከው ግን ብዙውን ጊዜ ልጆች እንዲያነቡት ለትምህርት ቤትና ለቤተ መጻሕፍት የተሰጠ ነው። ሁለቱም «የተለገሰ መጽሐፍ» ይባላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ማኅተም ሳይ ሁለተኛ ማኅተም እፈልጋለሁ። የውጭ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ከመዝገቡ ሲያወጣው «ተወግዷል» የሚል ይመታበታል፤ እንዲህ ያለው በነጻነት ሊሸጥ ይችላል። የአገር ውስጥ ተቋም ማኅተም ኖሮት መወገዱን የሚያሳይ ነገር ከሌለው ግን አልገዛም። አንድ ልጅ ሙሉ ካርቶን የሳይንስ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ፤ የሁሉም የመጀመሪያ ገጽ በምላጭ ተቆርጧል። ዋጋው የሚያጓጓ ነበር። መለስኩት። የተቆረጠ የመጀመሪያ ገጽ ራሱ ይዞታ ነው፤ ሳይጠቀስ የሚሸጥ ከሆነ ገዢ መጠየቅ አለበት፦ «አቦ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር?»

የሕትመቱ ገጽ፣ ማለትም ርዕሱ ጀርባ ያለው፣ ሌላው መታየት ያለበት ነው። እትሙን፣ ማተሚያ ቤቱንና ዓመቱን የምታገኙት እዚያ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ውጭ ላለ ገዢ «1984 ዓ.ም.» ብላችሁ ዓ.ም. የሚለውን አትተዉ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያለው ነገር ነው። አይኤስቢኤን የሚባለው ቁጥር ከ978 ቀጥሎ 99944 ካለ በኢትዮጵያ የተመዘገበ ነው ማለት ነው። እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 10 አሃዝ ነበር፣ ከ2007 ወዲህ 13 ሆኗል። ቁጥር የሌለው የአማርኛ መጽሐፍ ሞልቷል፣ ስለሌለው ሐሰተኛ አይባልም። ሐሰተኛው ኮፒው ነው፦ ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ በመሃል መጋጠሚያው በኩል ጥቁር ጥላ ይታያል፣ ኅዳጉም ገጽ ከገጽ ይዘማል። ያለ ደራሲው ፈቃድ መጽሐፍ አባዝቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ስለሆነ «ይዞታው አዲስ» ብሎ ማቅረቡ ጭራሽ ሊታሰብ አይገባም።

ፎቶ ሲለጠፍ አራት ይበቃል እላለሁ፦ የፊት ሽፋን፣ ርዕሱ የተጻፈበት ጠባቡ ጎን፣ የሕትመቱ ገጽ፣ እና ከሁሉ የከፋው ጉድለት። አራተኛውን የሚያነሳ ሻጭ ጥቂት ነው። እኔ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው።

ከመምህሩ የተመለሰልኝን ልብ ወለድ አልጣልኩትም። እንደገና ለጠፍኩት፣ በዚህ ቃል፦ «ያገለገለ። ሽፋኑ ንጹሕ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ስንጥቅ። ከገጽ 97 እስከ 112 የለም። ገጽ 40 ላይ በሰማያዊ እስክሪፕቶ የተሰመረ። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የልደት ስጦታ ጽሑፍ አለ። ማኅተም የለውም። 40 ብር።» በማግስቱ አንዲት የገንደ ቆሬ ሰፈር ተማሪ በባጃጅ መጥታ ወሰደችው። ቆማ 96ን ገልጣ አየች፣ 113ን አየች። የጎደለውን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እዚያው አነበዋለሁ አለችኝ።