ማዕቀብን የሚቃወሙ የሕዝብ እንደራሴዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙም ሳይርቅ በምንኖርበት ሰፈር፣ ማዕቀብ የሬዲዮ ዜና ቃል ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከዋሽንግተን የመጣው ውሳኔ በስፌት ፋብሪካ የሚሠሩትንም ለእነሱ ክፍል የሚያከራዩትንም ሲያነጋግር ከርሟል፤ ዛሬም በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነገሩ ሲነሳ ዝም የሚል የእድር አባል አይገኝም። ከሚነገረው ውስጥ ግን፣ በተለይ የውጭ አገር እንደራሴዎች ማዕቀብን ለምን እንደሚቃወሙና ተቃውሟቸው የት ድረስ እንደሚሄድ የሚባለው፣ ከእውነታው የራቀው ይበዛል።

«ማዕቀብን የሚቃወም እንደራሴ፣ ማዕቀብ ለተጣለበት መንግሥት የቆመ ነው።»

ይህን አባባል ለማፍረስ ሄለን ሱዝማን ብቻቸውን ይበቃሉ። ሱዝማን በደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ለ36 ዓመታት የተቀመጡ፣ ከእነዚህም ውስጥ 13ቱን ዓመታት የፓርቲያቸው ብቸኛ እንደራሴ ሆነው አፓርታይድን ፊት ለፊት የተጋፈጡ ሴት ነበሩ። ኢኮኖሚያዊ ማዕቀብን ግን ተቃወሙ፤ ምክንያታቸውም ፋብሪካ ሲዘጋ መጀመሪያ ሥራውን የሚያጣው ጥቁሩ ሠራተኛ ነው የሚል ነበር። ጳጳሱ ዴዝሞንድ ቱቱ በበኩላቸው ማዕቀቡ እንዲጣል አጥብቀው ይጠይቁ ነበር፤ እኔ ወደ እሳቸው ባደላም፣ ሱዝማንን የአፓርታይድ ወዳጅ የሚል ሰው ታሪኩን አያውቀውም።

በ2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 70 የሚጠጉ የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ለፕሬዚዳንት ክሊንተን በጻፉት ደብዳቤ በኢራቅ ላይ የተጣለው ኢኮኖሚያዊ ማዕቀብ እንዲነሳ ሲጠይቁ፣ የጦር መሣሪያ እገዳው ግን እንዲቀጥል ፈልገዋል። የጠየቁት የሳዳም ጦር እንዳይታጠቅ የሚከለክለው ውሳኔ የባስራን ሕዝብ ውኃ ከሚያሳጣው ውሳኔ እንዲለይ ነው። ከባግዳድ ገዥዎች ጋር ያለው ቅርበት ያስተቸው እንደራሴ በየአገሩ አልጠፋም፤ በእሱ ግን ሁሉም አይመዘንም።

«ምግብና መድኃኒት ከማዕቀብ ነፃ ስለሆኑ ተራው ሰው አይጎዳም።»

ከሁሉም የተሳሳተው፣ ግን በመልካም ልቦና የሚነገረው፣ ይህ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በነሐሴ 1990 እ.ኤ.አ. በኢራቅ ላይ ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 661 መድኃኒትን በግልጽ፣ ምግብን ደግሞ በሰብዓዊ ችግር ጊዜ ከእገዳው አውጥቶ ነበር። ነገር ግን የአገሪቱ የውጭ ገቢ ከሞላ ጎደል ከነዳጅ የሚመጣ ስለነበረ፣ ነዳጅ መሸጥ የተከለከለ አገር «መድኃኒት መግዛት ትችላለህ» ሲባል ኪሱ ባዶ የሆነን ሰው ገበያው ክፍት ነው እንደማለት ነው። ሁለተኛው ችግር ማዕቀቡን የሚቆጣጠረው የጸጥታው ምክር ቤት ኮሚቴ ነበር። የውኃ ማጣሪያ ክሎሪንም ሆነ የኃይል ማመንጫ መለዋወጫ ለጦርነት ሊውል ይችላል ተብሎ ሲጠረጠር፣ አንድ አባል አገር ብቻ ተቃውሞ ቢያቀርብ ዕቃው ይታገድ ነበር። በ1991ዱ ጦርነት ማመንጫዎቹ ተደብድበው ስለነበር፣ መብራት የሌለው ፓምፕ ውኃ አይገፋም፤ ውኃው ያልተጣራበት ሰፈር ደግሞ ከመድኃኒቱ በፊት በሽታው ይደርስበታል። በእኛም ሰፈር መብራት ሲጠፋ ቧንቧው አብሮ የሚደርቅበት ጊዜ ስላለ፣ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ነዳጅ ተሽጦ ምግብ እንዲገዛ በ1991 እ.ኤ.አ. የቀረበውን ሐሳብ የሳዳም መንግሥት አልተቀበለም፤ በ1995 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 986ም ሥራ ላይ የዋለው በ1996 መጨረሻ ነው። ይህን «ነዳጅ ለምግብ» የተባለ መርሐ ግብር በባግዳድ ሆነው ያስተባበሩት የተባበሩት መንግሥታት ኃላፊ ዴኒስ ሃሊዴይ በ1998፣ ተተኪያቸው ሃንስ ፎን ሽፖኔክ በ2000 ሥራቸውን በተቃውሞ ለቀቁ። በዚያው በ2000 የብሪታኒያ የታችኛው ምክር ቤት የዓለም አቀፍ ልማት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ፣ ወደፊት በአንድ አገር ላይ እንዲህ ያለ ሁሉን አቀፍ ማዕቀብ መጣል ተገቢ የሚሆንበት ሁኔታ እንደማይታየው ጻፈ። ይህ የአንድ ተቃዋሚ ንግግር ሳይሆን ከገዥውም ፓርቲ አባላት ያሉበት ኮሚቴ ድምዳሜ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ዛሬ ደግሞ መንገዱን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ባንኩ ነው። አንድ ትልቅ የፈረንሳይ ባንክ ከሱዳን፣ ከኢራንና ከኩባ ጋር ባደረገው የተከለከለ ዝውውር በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ከተወሰነበት በኋላ፣ ሌሎች ባንኮች በሕግ የተፈቀደውን የእርዳታ ገንዘብ ሳይቀር ለማስተላለፍ ቢፈሩ አይገርምም። የጸጥታው ምክር ቤት በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ቁጥር 2664ን አውጥቶ ሰብዓዊ እርዳታን ከራሱ የንብረት እገዳዎች ነፃ ያደረገውም ችግሩን ስላመነ ነው።

«በኢራቅ ግማሽ ሚሊዮን ሕፃናት በማዕቀቡ መሞታቸው የተረጋገጠ ነው።»

ቁጥሩ በ1990ዎቹ በየምክር ቤቱ ሲጠቀስ ኖሯል፤ በተለይ ዩኒሴፍ ከኢራቅ መንግሥት ጋር ሆኖ ያካሄደው የ1999 እ.ኤ.አ. ጥናት ክብደት ሰጥቶት ነበር። ከ2003 በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ያን ያህል የሞት ጭማሪ አላገኙም፤ በ2017 የታተመ የምርምር ጽሑፍም የቀድሞው መረጃ በመንግሥቱ እጅ እንደተጭበረበረ ደምድሟል። እንደራሴዎቹ በጊዜው የነበረውን መረጃ ተጠቀሙ እንጂ አልዋሹም፤ ዛሬ ላይ ሆኖ ያንኑ ቁጥር መድገም ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ኮንግረስ ከተቃወመ ማዕቀቡ ይነሳል፤ ረቂቅ ከቀረበም ማዕቀቡ ተጥሏል።»

ሁለቱም ስሕተት ነው። የአሜሪካ ማዕቀብ አብዛኛውን ጊዜ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ይጣላል፤ ኮንግረስ ሊሽረው ቢነሳ እንኳ ፕሬዚዳንቱ የምክር ቤቶቹን ውሳኔ ውድቅ የማድረግ (የቬቶ) ሥልጣን አላቸው። ይህን ሥልጣን ለማለፍ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ተሳክቶ ነበር፤ ያኔ ግን ኮንግረስ የሬጋንን ተቃውሞ ያለፈው በደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕቀብ ለመጣል እንጂ ለማንሳት አልነበረም። በእኛ አገር ብዙ የተባለለት «ኤች አር 6600» ደግሞ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. የቀረበ፣ በኢትዮጵያ ጉዳይ ማዕቀብ እንዲጣል የሚጠይቅ ረቂቅ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን የምክር ቤቱ ዘመን አብቅቶ ከነረቂቅነቱ ቀረ።

«ፋብሪካዎቻችንን የጎዳው ማዕቀቡ ነው።»

በሕግ ዓይን አይደለም። መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው የፕሬዚዳንት ባይደን ትእዛዝ የሚያነጣጥረው በስም በሚጠቀሱ ሰዎችና ድርጅቶች ላይ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መዝገብ ውስጥ የገቡት የኤርትራ ባለሥልጣናትና ድርጅቶች ነበሩ። ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገቡበት ዕድል፣ ያስወጣው ውሳኔ ግን በሌላ ሕግ የተሰጠ የቀረጥ ነፃ ዕድል መነሳት ነው፤ ማዕቀብ የሚል ስም የለውም። ማዕቀብ የተባለው በጥቂቶች ላይ ሲያርፍ፣ ማዕቀብ ያልተባለው ከቦሌ ለሚ እስከ ሐዋሳ ያሉትን የስፌት መስመሮች ነካ። በቤታችን ጓሮ የተከራየችው ልጅ ልዩነቱን ባታውቀው አልፈርድባትም፤ ደብዳቤ የሚጽፍ እንደራሴ ግን የትኛውን እንደሚቃወም መለየት አለበት።

«ኢትዮጵያ ምን ጊዜም የማዕቀብ ተቃዋሚ ናት።»

አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ይደነቁ ነበር። ጣሊያን በወረረችን ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር ከኅዳር 1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕቀብ ሲጥል፣ የኢትዮጵያ ቅሬታ በዛ ሳይሆን አነሰ የሚል ነበር፤ ነዳጅ አልተካተተም፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን ወታደር እንደተከፈተ ቀረ። በለንደን ፓርላማ የሌበር መሪ የነበሩት ጆርጅ ላንስበሪ ማዕቀቡ ወደ ጦርነት ያመራል ብለው ስለተቃወሙ ከፓርቲያቸው ጋር ተለያይተው መሪነታቸውን ለቀቁ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ወር የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቻምበርሌን ማዕቀቡን ማስቀጠል እብደት ነው ሲሉ ተናገሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ፤ በዚያው ሳምንት ጉባኤው ማዕቀቡ እንዲነሳ ወሰነ።