ፎቶግራፍና የግል ይዞታ በኢትዮጵያ ሕግ

በኢትዮጵያ ሕግ ፎቶ ማንሳትና የተነሳውን ፎቶ ማሳየት ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሚከለክለው የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት፣ ማባዛትና መሸጥን ነው። ስለ ማንሳቱ አያወራም። ማንሳቱን የሚገድበው በአመዛኙ ቦታው ነው፤ ማለትም ግቢው የማን እንደሆነና አንሺው በማን ፈቃድ እንደገባ።

መኖሪያ ቤትን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በአንቀጽ 13 ያስከብራሉ። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ግቢ መግባትን ጥፋት የሚያደርገው አንቀጽ 2053 የባለይዞታው እምቢታ በግልጽ የታወቀ እንዲሆን ይፈልጋል። በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያም ሆነ የዘበኛ «አይቻልም» የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሆቴል፣ ካፌና የገበያ ማዕከል ለሁሉም ክፍት ቢሆኑም የግል ይዞታ ናቸው። ባለቤቱ ፎቶ መከልከል፣ እምቢ ያለውንም ውጣ ማለት ይችላል። ውጣ ተብሎ አልወጣም ያለ ሰው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ይመጣበታል።

የዘበኛው ሥልጣን ግን ከዚህ አያልፍም። ስልክ ቀምቶ ፎቶ መሰረዝ በብዙ በር ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2054 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሰው ንብረት መያዝን ራሱን ጥፋት ያደርገዋል። የሚያዋጣው ፖሊስ መጥራት ነው። ከመንገድ የሚታይ አጥርና ግንብ ደግሞ በአንቀጽ 27 አይሸፈንም፤ አንቀጹ የሚጠብቀው ሰውን ነው። ይህ ማለት ግን በጦር ካምፕ፣ በኤምባሲ ወይም በባንክ አጠገብ ካሜራ ማውጣት ያለ ጣጣ ያልፋል ማለት አይደለም።

ምስሉ ከወጣ በኋላ ያለው ክርክር ሰፋ ይላል። አንድ ፎቶ ቤት የሙሽሮችን ፎቶ አጉልቶ መስኮቱ ላይ ሰቀለ እንበል። ሙሽሮቹ የከፈሉት ለማስነሳት ነው፤ ለማስታወቂያ ፈቅደዋል አያሰኝም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ የአንሺው ቢሆን እንኳ በምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች መብት አብሮ አይሄድም። ስለዚህ የሠርግ ፎቶ ውል ሲፈረም «ለማሳያ መጠቀም ይቻላል» ወይም «አይቻልም» የምትል አንዲት መስመር ማስገባት ብዙ ጭቅጭቅ ትቆጥባለች።

ውል ከሌለ መንገዱ ያለ ፈቃድ የወጣ ምስልን ለማስቆምና ካሳ ለመጠየቅ የሚያስችለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 29 ነው። በመጀመሪያ ማስረጃ ይያዛል፦ የተሰቀለው ፎቶ ከነቦታው በካሜራ ይቀረጻል፤ በኢንተርኔት የወጣ ከሆነ አድራሻውና ቀኑ የሚታይበት የስክሪን ቅጂ ይቀመጣል። ቀጥሎ ምስሉ እንዲወርድ ቀን ያለበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ቅጂው ላይም ተቀባዩ ይፈርማል። ይህን መዝለል ያስከፍላል፤ የሞራል ካሳ፣ ማለትም ለተጎዳ ስሜት የሚከፈለው፣ የሚታሰበው «አቁም» ተብሎ ወዲያው ካላቆመ ነውና። በአንቀጽ 2116 የሞራል ካሳ ጣሪያ 1,000 ብር ነው፤ በዛሬ ገበያ የጠበቃን የታክሲ ወጪ እንኳ መሸፈኑ ያጠራጥራል። ፍርድ ቤቱ አጥፊው ከምስሉ ያገኘውን ትርፍ ያህል ካሳ መወሰን ስለሚችል ጉልበትን እዚያ ላይ ማዋል ይሻላል።

አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ የሰውዬው ታዋቂነት ወይም የመንግሥት ሹመት፣ የፍትሕና የፖሊስ ሥራ፣ ሳይንስ፣ ባህልና ትምህርት፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረገ ነገር። መስቀል አደባባይ በደመራ ዕለት ከሕዝቡ መሀል የታየ ሰው በዜና ፎቶ መውጣቱን መቃወም ይቸግረዋል። ያንኑ ፊት ነጥሎ ለሳሙና ማስታወቂያ ማዋልን ግን የበዓሉ አደባባይነት አያጸድቀውም። በኦሞ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በሙርሲዎች መንደር፣ ለመነሳት የሚከፈለው ገንዘብም እንደዚሁ ነው፤ ምስሉን ፖስትካርድ አድርጎ መሸጥ የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል።

የደህንነት ካሜራ በአብዛኛው ጎረቤት ያጣላል። ባለቤቱ የራሱን በርና አጥር ቢቀርጽ ማንም አይከፋም፤ ካሜራው የጎረቤትን ጓሮ ወይም የኮንዶሚኒየም ማዶ በር ሲያሳይ ነው ጠቡ የሚነሳው። ሲተከል አቅጣጫውን ዝቅ ማድረግ፣ ካልሆነም በመቅረጫው ቅንብር የጎረቤትን ክፍል በጥቁር መሸፈን ይቻላል። ማንነቱ የሚለይ ሰው ምስል በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃ ነው፤ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።