ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ፦ የብሪታንያ የቅዳሜ ምሽት የዳንስ ውድድር

ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ በብሪታንያው ቢቢሲ ዋን የሚተላለፍ፣ ታዋቂ ሰዎች ከባለሙያ ዳንሰኞች ጋር ተጣምረው የሚወዳደሩበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሜይ 15 ቀን 2004 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ቅዳሜ ማታ በቀጥታ ይቀርባል። ተዋንያን፣ ዘፋኞች፣ ስፖርተኞች፣ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች በየሳምንቱ አዲስ ዳንስ አጥንተው ወደ መድረኩ ይወጣሉ፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፣ ተመልካች ድምፅ ይሰጣል፣ አንድ ጥንድ ይሰናበታል። ያሸነፈው ጥንድ በመስታወት ቁርጥራጭ የተሸፈነ ኳስ ያለበትን ዋንጫ ይወስዳል። ከዋንጫው ጋር የሚሰጥ የገንዘብ ሽልማት የለም።

በቴሌቪዥን የተሰጥዖ ውድድር ሞልቷል። አብዛኛው የተደበቀ ችሎታ ፍለጋ ነው፤ ይህኛው ግን የሚያሳየው መማርን ነው። በሴፕቴምበር እግሩ አልታዘዝ ያለው ሰው በዲሴምበር ኩዊክስቴፕ እየደነሰ ወለሉን ሲያካልል ማየት፣ ለእኔ፣ የተዋጣለት ዳንሰኛ ከሚያሳየው ትርኢት ሁሉ ይበልጣል። ዝግጅቱ በዚህ መንገድ ሲሄድ ያምርበታል፤ ከዚህ ሲወጣ ተራ ትርኢት ይሆናል።

ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። ቢቢሲ ከ1950 እስከ 1998፣ አልፎ አልፎ እየተቋረጠም ቢሆን፣ «ካም ዳንሲንግ» የተባለ የዳንስ ውድድር ያሳይ ነበር። አዲሱ ዝግጅት ስሙን ከዚህ ፕሮግራምና በ1992 ከወጣው «ስትሪክትሊ ቦልሩም» ከተባለው የአውስትራሊያ ፊልም አጣምሮ ወሰደ። መድረኩን አንጋፋው የቴሌቪዥን አቅራቢ ብሩስ ፎርሳይት ከቴስ ዴሊ ጋር መሩት። የመጀመሪያው ዙር ስምንት ጥንዶች ብቻ ነበሩት፤ ያሸነፈችውም የዜና አንባቢዋ ናታሻ ካፕሊንስኪ ከብሬንዳን ኮል ጋር ነበረች። ሁለተኛው ዙር በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተጀመረ። አውስትራሊያም በዚያው ዓመት የራሷን አዘጋጀች፤ የአሜሪካው ኤቢሲ ጁን 1 ቀን 2005 ተከተለ። በውጭ አገር «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» እየተባለ ፈቃዱ ከ60 በላይ አገሮች ተሸጧል።

ዳንሶቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የቦልሩም የሚባሉት ዋልዝ፣ የቪየና ዋልዝ፣ ፎክስትሮት፣ ኩዊክስቴፕና ታንጎ ናቸው። የላቲኖቹ ደግሞ ቻ ቻ ቻ፣ ሩምባ፣ ሳምባ፣ ጃይቭና ፓሶ ዶብሌ። ከእነዚህ ሌላ ሳልሳ፣ የአርጀንቲና ታንጎና አሜሪካን ስሙዝ አሉ፤ ቻርልስተን በ2009፣ ጥንዶቹ ስልቱን ራሳቸው የሚመርጡበት ዳንስ ደግሞ በ2018 ተጨምረዋል።

በቦልሩም ሁሉም ነገር ከአያያዝ ይጀምራል። ሁለቱ ሰዎች ከወገብ በላይ ጸንተው ይቆማሉ፤ ትከሻ ወደ ታች ይወርዳል፣ ክርን ከፍ ብሎ ይቆያል፣ አንገት ይረዝማል፣ በመካከላቸው ክፍተት አይታይም። ዓይኑን በእስክስታ ያሠለጠነ ሰው የትከሻው ዝም ማለት መጀመሪያ ላይ ግር ይለው ይሆናል። ጥቂት ሳምንት ሲከታተል ግን ምስጢሩ ከታች፣ እግር ዘንድ እንዳለ ይገባዋል። በፎክስትሮት ወደ ፊት የሚራመድ እግር ተረከዙን ያስቀድማል፤ ከፓሶ ዶብሌ በቀር በላቲን ዳንስ ተረከዝ ማስቀደም ነጥብ ያስቀንሳል። ሩምባ በተለይ ወንዶቹን ይፈትናል። ዝግ ያለ ስለሆነ መደበቂያ የለውም፤ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ ካልተሻገረ ዳሌ ይደርቃል፣ እጅም የሚያርፍበት ያጣል። ጃይቭ በተቃራኒው ፈጣን ነው፤ ትንፋሽ ይጨርሳል፣ እግር በአየር ላይ ተወርውሮ ሲመለስ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በአንድነት መታዘዝ አለባቸው። ተዋናይዋ ጂል ሃፍፔኒ ከዳረን ቤኔት ጋር በ2004 ፍጻሜ የደነሰችው ጃይቭ ሙሉ 40 ነጥብ አግኝቷል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጃይቭ ሁሉ የምመዝነው በእሱ ነው።

ነጥብ አሰጣጡን በደንብ ያልተረዳ ሰው ውድድሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚያየው። አራት ዳኞች እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 10 ይሰጣሉ። ከ40 የተገኘው ድምር ግን ማንንም በቀጥታ አያሳልፍም፤ ጥንዶቹ በድምሩ መሠረት በደረጃ ይሰለፋሉ፣ ደረጃቸው እንደገና ወደ ነጥብ ይቀየራል። የተመልካቹ ድምፅም እንዲሁ በደረጃ ተሰልፎ ነጥብ ይሆናል። ሁለቱ ይደመራሉ፤ እኩል የወጡ ካሉ የተመልካቹ ድምፅ ያመዝናል። ከታች የቀሩት ሁለቱ ዳንሳቸውን ይደግማሉ፣ ዳኞቹም አንዱን ያተርፋሉ። ይህ የድጋሚ ዳንስ በ2007 መጥቶ፣ በ2010 ቀርቶ፣ በ2012 ተመልሷል። በፍጻሜው ምሽት ግን የዳኞች ነጥብ ለመረጃ ብቻ ነው፤ አሸናፊውን የሚመርጠው ተመልካቹ ብቻውን ነው። ይህ ደንብ ትክክለኛ ነው እላለሁ። ዳኛ የዚያን ምሽት ዳንስ ይመዝናል፤ ሦስት ወር ሙሉ አብሮ የከረመው ተመልካች ግን ሰውየው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ያውቃል።

ስሌቱ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰበር ዲሴምበር 13 ቀን 2008 ታይቷል። ለግማሽ ፍጻሜ ሦስት ጥንዶች ቀረቡ። ሬቸል ስቲቨንስና ሊሳ ስኖውደን በዳኞች ዘንድ እኩል አንደኛ ወጡና ሦስት ሦስት ነጥብ ተያዘላቸው። ተዋናዩ ቶም ቻምበርስ የመጨረሻ ሆኖ አንድ አገኘ። ቻምበርስ በሕዝብ ድምፅ አንደኛ ቢወጣ ሦስት ይጨመርለትና አራት ይሆናል። ከሴቶቹ አንዷ ሁለት ተጨምሮላት አምስት ትደርሳለች፤ ሌላዋ አንድ ተጨምሮላት አራት ትሆናለች። እንግዲህ አገር ሙሉ ቢመርጠውም ቻምበርስ ከታችኞቹ ሁለት መውጫ አልነበረውም ማለት ነው። ሰው ግን ገንዘቡን እየከፈለ ይደውልለት ነበር! ስሕተቱ በዚያው ምሽት ተደረሰበት፤ ቢቢሲ ስንብቱን ሰርዞ ሦስቱንም ጥንዶች ወደ ፍጻሜ አሳለፈ። ከሳምንት በኋላ ዋንጫውን ያነሣው ያው ቻምበርስ ነበር፣ ከካሚላ ዳለሩፕ ጋር።

ያ ዓመት ሌላም ክርክር ነበረው። የፖለቲካ ጋዜጠኛው ጆን ሰርጀንት በዳኞች ነጥብ ከታች እየዋሉ በሕዝብ ድምፅ ይተርፉ ነበር። በፓሶ ዶብሌ አጣማሪያቸውን ክሪስቲና ሪሃኖፍን በእጇ ይዘው ወለሉ ላይ እየጎተቱ የዞሩበት ምሽት አሁንም ይነሣል። በኖቬምበር፣ ላሸንፍ እችላለሁ የሚለው ስጋት እውነተኛ እየሆነ ሲመጣ፣ ራሳቸው ውድድሩን ለቀው ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀድሞዋ የወግ አጥባቂ ፓርቲ የፓርላማ አባል አን ዊድኮም ከአንቶን ዱ ቤክ ጋር እስከ አሥረኛው ሳምንት ዘለቁ። ሕዝቡ ዳንስ አያውቅም የሚለው ወቀሳ በእነዚህ ሁለት ሰዎች ምክንያት በርትቷል። አልስማማም። ደካማ ዳንሰኛ በሌለበት ውድድር የጎበዙ ድካም አይታይም፤ ደግሞም ሁለቱም ዋንጫውን አልወሰዱም። ተመልካቹ እንዲህ ያለውን ሰው እስከተወሰነ ቦታ ይሸኘዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል።

ከደካሞቹ ይልቅ እኔን የሚያስቆጨኝ ዳንስ የሚያውቅ ሰው ገና ጀማሪ ተብሎ ሲቀርብ ነው። በ2018 የፑሲካት ዶልስ የዘፋኞች ቡድን አባል የነበረችው አሽሊ ሮበርትስ፣ በ2023 ደግሞ በሙዚቃዊ ቲያትር ያደገው ላይተን ዊልያምስ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረው ደምቀው ታዩ። ቦልሩም ለእነሱም አዲስ እንደነበረ አይካድም፤ አያያዙን ከሌሎቹ እኩል ነው የተማሩት። ይሁን እንጂ ሙዚቃ መስማት፣ መድረክ መሙላት፣ ቅደም ተከተል በፍጥነት መያዝ ከድሮም አብሯቸው የነበረ ነው። በ2018 ያሸነፈችው ጋዜጠኛዋ ስቴሲ ዱሊ፣ በ2023 ደግሞ ወጣቷ ተዋናይት ኤሊ ሊች ናት። ተመልካቹ ከእኔ ጋር የተስማማ ይመስለኛል። ጥፋቱ የተጋበዙት ሰዎች አይደለም፤ ጎበዝ ሆነው በመገኘታቸው መወቀሳቸውም ተገቢ አይደለም። ጥያቄው ለሚጋብዛቸው ነው።

የዝግጅቱ ታላላቅ ምሽቶች ብዬ የማስቀምጣቸው ሁለት ናቸው። ተዋናይት ሮዝ አይሊንግ ኤሊስ በ2021 ስትገባ መስማት የተሳናት የመጀመሪያዋ ተወዳዳሪ ነበረች። በኖቬምበር ከጆቫኒ ፐርኒስ ጋር ባቀረበችው ዳንስ መካከል ሙዚቃው በድንገት ተቋረጠ። ሁለቱ ግን አልቆሙም። ለጥቂት ሰከንዶች በሙሉ ጸጥታ፣ ምት ሳይስቱ፣ ያለ ድምፅ ደነሱ፤ ከዚያ ሙዚቃው ሲመለስ እግራቸው ልክ ቦታው ላይ ነበር። መስማት ለሚችለው ተመልካች እሷ ያለችበትን ዓለም በዳንስ ያሳዩበት መንገድ ነው፤ በ2022 በተመልካች ምርጫ የባፍታ (የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ) ሽልማት አግኝቷል። እነሱም በዚያው ዙር አሸነፉ።

ሁለተኛው የ2024ቱ ኮሜዲያን ክሪስ ማክኮስላንድ ነው፤ ማየት የተሳነው የመጀመሪያው ተወዳዳሪ። የዳንስ ትምህርት ሁሉ «እኔን እያየህ አድርግ» ከሚል ይጀምራል። አጣማሪው ዳያን ባስዌል ግን ይህ መንገድ አልነበራትም፤ እርምጃውን በቃልና በመዳሰስ ማስተማር ነበረባት። መድረክ ላይም እጇ ከእጁ ሲለቅ እሱ የት እንዳለ በልቡ ማወቅ አለበት። በአንዱ ዳንሳቸው ዓይኖቹን በመዳፏ ስትሸፍን መብራት ጠፋ፣ ስቱዲዮውም ጨለመ፤ ብርሃኑ ሲመለስ ሁለቱ እየደነሱ ነበር። ዲሴምበር 14 ቀን ዋንጫውን ሲወስዱ፣ ያሸነፈው በሰው ሐዘኔታ ነው ያሉ ነበሩ። ያን የሚል ሰው የእግሩን ሥራ አላየም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ዳኛ ክሬይግ ሬቨል ሆርዉድ ነው። ታዳሚው በጩኸት ይቃወመዋል፣ እሱም አይለሳለስም። ያለ እሱ 10 ቁጥር ዋጋ አይኖረውም። የመኪና ጋዜጠኛው ኩዌንቲን ዊልሰን በ2004 በቻ ቻ ቻ ከ40 ያገኘው 8 ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነጥብ በዛሬው ለስላሳ አሰጣጥ አይታሰብም። ሌን ጉድማን እስከ 2016 የዳኞች ሰብሳቢ ነበር፤ በ2023 አርፏል። የቦልሩምን አያያዝ በሁለት ቀላል ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳ እንደ እሱ ያለ አልመጣም። በ2017 ሸርሊ ባላስ ተተካች፤ ሞትሲ ማቡሴ በ2019፣ አንቶን ዱ ቤክ ደግሞ ከዳንሰኞቹ ተነሥቶ በ2021 ወንበር ያዙ። በ2009 አርሊን ፊሊፕስ በ66 ዓመቷ ተነሥታ በ30 ዓመቷ አሊሻ ዲክሰን መተካቷ በዕድሜ አድልዎ ብዙ አስወቅሷል። ወቀሳው ተገቢ ነበር። ፊሊፕስ የዳንስ ቅንብር ባለሙያ ናት፤ ዲክሰን በ2007 ውድድሩን ያሸነፈች ዘፋኝ።

ሙሉ ሥራው የተጫነው ግን በባለሙያ ዳንሰኞቹ ትከሻ ላይ ነው። እነሱ ያስተምራሉ፣ ዳንሱን ያቀናብራሉ፣ የተማሪያቸውን ድክመት በአቀማመጥ ይሸፍናሉ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኦቲ ማቡሴ በ2019 ከተዋናዩ ኬልቪን ፍሌቸር፣ በ2020 ከኮሜዲያኑ ቢል ቤይሊ ጋር በተከታታይ ስታሸንፍ እንዲህ ያደረገች የመጀመሪያዋ ሆነች። ቤይሊ 55 ዓመቱ ነበር። በ2022 ደግሞ ሱዳን የተወለደው የዱር እንስሳት ፊልም አንሺ ሃምዛ ያሲን ከጆዊታ ፕርዚስታል ጋር አሸንፏል፤ ግዙፍ ሰውነት ባለው ሰው ላይ ያን ያህል ለስላሳነት ማየት ብርቅ ነው።

ዝግጅቱ ከ2013 ጀምሮ በኤልስትሪ ስቱዲዮ ይቀረጻል፤ በኖቬምበር ወደ ብላክፑል ታወር የዳንስ አዳራሽ ይጓዛል። የዚያ አዳራሽ ወለል ከ30 ሺህ በላይ በሆኑ የእንጨት ቁርጥራጮች የተነጠፈና ሰፊ ስለሆነ፣ በስቱዲዮ የሚበቃው እርምጃ እዚያ አጭር ሆኖ ይታያል። ሙዚቃውን በዴቭ አርች የሚመራው ባንድ በቀጥታ ይጫወታል።

የሚነቀፍ ነገር አለው። ከልምምድ ክፍል በተነሡ ቅሬታዎች ምክንያት ቢቢሲ በ2024 በእያንዳንዱ ልምምድ ላይ ታዛቢ እንዲገኝ ወስኗል፤ ቀድሞ መደረግ የነበረበት ነው። የእሑዱ የውጤት ዝግጅት ቅዳሜ ማታውኑ ስለሚቀረጽ ውጤቱ ከአንድ ሌሊት በላይ ሾልኮ ሲዞር ያድራል። በ2014 መድረኩን አብረው የያዙት ቴስ ዴሊና ክላውዲያ ዊንክልማን በ2025 ለቀዋል፤ ያኔ ብዙው ሰው የሚያወራው ስለ ተተኪዎቻቸው ነበር። እኔ ከዚያ ይልቅ የድምፅ ቁጥሮቹ ይፋ ቢሆኑ እወድ ነበር። ቢቢሲ በየሳምንቱ ማን ስንት ድምፅ እንዳገኘ አይገልጽም። ውድድሩ እየተካሄደ ሳለ መደበቁ ይገባኛል፤ ቀድሞ የታወቀ ቁጥር ድምፅ ሰጪውን ያዘናጋል። ፍጻሜው ካለፈ በኋላ ግን ቢያንስ የየሳምንቱ ደረጃ መውጣት አለበት፤ በተለይ ዳኞች ከሁለቱ አንዱን ባተረፉባቸው ሳምንታት ሕዝቡ የትኛውን መርጦ እንደነበር ማወቅ የመራጩ መብት ነው።