«የጎሳ ቋንቋ» ምንድን ነው? የአባንያላ ነገር

«አባንያላ የሉህያ ጎሳ ነው፤ ሉንያላ ደግሞ የጎሳው ቋንቋ ነው።» ይህን አባባል ሰሞኑን እንደገና አየሁት። ሉህያ በምዕራብ ኬንያ የሚኖሩ፣ ተቀራራቢ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሕዝቦች የጋራ ስም ነው። በዚህች አጭር አባባል ውስጥ ሁለት ስህተት አለ።

ትንሹን ቶሎ ልለፈው። አባንያላ ጎሳ አይደለም፤ በውስጡ ብዙ ጎሳዎች ያሉት ሕዝብ ነው። የሚኖረው በምዕራብ ኬንያ በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ነው። አንዱ የንዞያ ወንዝ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚገባበት፣ በቡሲያ ካውንቲ ያለው ቡዳላንጊ ነው። ሌላው በካካሜጋ ካውንቲ ውስጥ ያለው ናቫኮሎ ነው። «ሉህያ» የሚለው የጋራ ስም ራሱ የተስፋፋው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

እኔን የሚያናድደኝ «የጎሳው ቋንቋ» የሚለው ነው። እዚያ አገር ልጅ የአባቱን ጎሳ ይይዛል። መሬትና ውርስ በዚያው መስመር ይወርዳል። ከራስ ጎሳ ማግባት ክልክል ነው፤ ከእናት ጎሳም እንዲሁ። እስቲ ይህን ሕግ እስከ መጨረሻው እንከተለው። በየቤቱ ያለችው እናት ከሌላ ጎሳ የመጣች ናት፤ አንዳንዴም ከጎረቤት ሕዝብ። ልጅ አፉን የሚፈታው ደግሞ እናቱ ጉያ ውስጥ ነው። ታዲያ ቋንቋ በምን ተአምር በጎሳ ተከልሎ ይኖራል?

የሸማኔን ሥራ አስቡ። ጎሳ ድር ነው፤ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ተወጥሯል። ቋንቋ ማግ ነው፤ በጋብቻ፣ በገበያና በዓሣ ንግድ ከዳር ዳር ይመላለሳል። የማጉ ቀለም ቢቀየርም ድሩ ባለበት ይቆያል። ከሉህያ ጎሳዎች መካከል ዘራችን ከሉኦ ወይም ከካለንጂን ነው የሚሉ አሉ፤ የእነዚህ ጎረቤት ሕዝቦች ቋንቋዎች ከባንቱ ቤተሰብ አይደሉም። ዛሬ ግን እነዚያ ጎሳዎች የሚናገሩት እንደ ሌላው ሉህያ የባንቱ ቋንቋ ነው። ድሩ ቀረ፣ ማጉ ተለወጠ።

ሁለቱ አባንያላ ራሳቸው ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ስማቸው አንድ ነው። የቡሲያው ንግግር ግን ወደ ጎረቤቱ የሳሚያ ሕዝብ ንግግር ይጠጋል። የባንቱ ቋንቋዎች ምደባም ለየብቻ ኮድ ሰጥቷቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ «ይጠጋል» የምንለው በምን እንደለካን ይወሰናል። በቃላት ዝርዝር ሲለካና ተናጋሪዎቹ ምን ያህል እንደሚግባቡ ሲታይ ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በሉህያ መንደሮች መካከል ንግግር ቀስ በቀስ ነው የሚለዋወጠው፤ ቁርጥ ያለ ድንበር የለውም።

አንድ ተከራካሪ «እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ለዛ አለው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብሏል። መስማቱን አምናለሁ። የሰማው ግን የመንደርን ለዛ ነው። የአንድ ጎሳ ሰዎች አንድ አካባቢ ተሰባስበው ሲሰፍሩ የቦታው ንግግር የጎሳው ይመስላል። ከዚያው ጎሳ አንድ ቤተሰብ ርቆ ቢሰፍር ልጆቹ የሚናገሩት እንደ አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው ነው።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። ሉንያላን ለመሰነድ የሚጥሩ ወጣቶች አዛውንቶችን ሲቀርጹ ብዙ ጊዜ የጎሳውን ስም ብቻ ይጽፋሉ። ልፋታቸውን አከብራለሁ። ግን በጎሳ ስም ብቻ የተመዘገበ ድምፅ የየት አካባቢ ንግግር እንደሆነ አይነግረኝም። ተናጋሪው ያደገበትን መንደርና እናቱ የመጣችበትን ቦታ ጠይቁ፤ ጎሳውን ከዚያ ቀጥሎ ጻፉት።